በቀን 12 ሰዓት ሺፍት እየገባን ኦቨርታይም 50 ብር ብቻ፣ ሕጉ ምን ይላል? (አዳማ)

ፉርሽካ_አዳማ
እሁድ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ነው ያለሁት፣ ዱቄት ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ ነው የምሰራው፣ የፋብሪካውን ስም አልጠራም ገና እዛው ነኝ። 5 አመት ሞላኝ። ሺፍታችን ሁለት ነው፣ ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 12 ወይም ከማታ 12 እስከ ጠዋት 12፣ መሀል ላይ አንድ ሰዓት የምግብ እረፍት አለ፣ በሳምንት 6 ቀን፣ አንድ ሳምንት ቀን አንድ ሳምንት ሌሊት እየተቀያየርን። ደሞዜ 6,240 ብር ነው። ኦቨርታይም ብለው የሚከፍሉን በሺፍት 50 ብር ነው፣ ቀንም ሆነ ሌሊት ያው 50 ነው።

ይሄን ሁሉ ጊዜ ዝም ብዬ ነበር። አሁን እንድጽፍ ያረገኝ አብሮኝ ይሰራ የነበረ ልጅ ነው። 9 አመት ሰርቶ ለቀቀ፣ ሲወጣ የኦቨርታይም ልዩነት ይከፈለኝ ብሎ ጠየቀ፣ ቢሮ ያሉት ተስማምተህ ነው የፈረምከው አሉት፣ ሲከራከራቸው ደሞ ለማንኛውም የድሮው በይርጋ ቀርቷል አሉት። ልጁ ይርጋ ማለት ምን እንደሆነ እኔን ጠየቀኝ፣ እኔም አላውቅም። 9 አመት ኩንታል የተሸከመ ሰው ባዶ እጁን ፖስታ ቤት ጋ ቆሞ ባጃጅ ሲጠብቅ ሳየው አንጀቴ ተላወሰ።

ጥያቄዬ ሶስት ነው። ኦቨርታይም በሕግ ስንት ነው? ፈርመሃል ሲሉ ያስኬዳቸዋል? ይርጋ የሚሉትስ ምንድነው? የምታውቁ በናታችሁ በደንብ አስረዱኝ፣ ክፍላችን ውስጥ ብቻ 14 ሰው ነን።


ፔይሮል_እሰራለሁ
እሁድ፣ ማታ 3፡15

ወንድሜ እኔ ሌላ ድርጅት ውስጥ ፔይሮል ነው የምሰራው እዚሁ አዳማ፣ በየወሩ የማሰላው ነገር ስለሆነ በራስህ ቁጥር ላሳይህ።

ሕጉ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። መደበኛ የስራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አይበልጥም ይላል። ከዛ በላይ የሰራኸው ኦቨርታይም ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ባለው ጊዜ ከሆነ የሰዓት ደሞዝህ በ1.5 ይባዛል፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ከሆነ በ1.75፣ የሳምንት እረፍትህ ቀን ከሆነ በ2፣ የሕዝብ በዓል ከሆነ በ2.5። ብዙ ሰው አሁንም 1.25 እና 1.5 ነው የሚመስለው፣ እሱ የድሮው አዋጅ 377/96 ነው፣ ተሽሯል።

አሁን ወዳንተ ስንመጣ 6,240 ለ208፣ ማለትም ለወሩ መደበኛ የስራ ሰዓት፣ ሲካፈል በሰዓት 30 ብር ነው። ቀን ሺፍት ስትገባ 12 ላይ ጀምረህ የአንድ ሰዓት እረፍትህ ሲቀነስ 8 ሰዓትህ የሚሞላው ከቀኑ 9 ላይ ነው፣ ከ9 እስከ ማታ 12 ያለው 3 ሰዓት ኦቨርታይም ነው፣ 3 በ30 በ1.5 ስታባዛው 135 ብር። ሌሊት ስትገባ ደሞ 8 ሰዓትህ የሚያልቀው ከሌሊቱ 9 ላይ ስለሆነ ቀሪው 3 ሰዓት ሙሉ በሙሉ በሌሊቱ ተመን ነው የሚታሰበው፣ 157 ብር ከ50 ይመጣል። ስለዚህ የቀን ሳምንትህ 810፣ የሌሊት ሳምንትህ 945 ብር ነው። በ4 ሳምንት 3,510 ብር ሊከፈልህ ሲገባ የሚሰጡህ 24 ሺፍት በ50 ማለትም 1,200 ነው። በየ4 ሳምንቱ 2,310 ብር እየቀረብህ ነው ማለት ነው። በዓልና እሁድ የገባህበት ካለ እሱ ሌላ ነው።

ፈርመሃል ለሚሉት፣ የስራ ውል በሕግ ከተቀመጠው ያነሰ ነገር ለሰራተኛው መስጠት አይችልም። ከሕጉ የተሻለ ከሆነ ይጸናል፣ ያነሰ ከሆነ ፊርማህ አያጸናውም። ይርጋውን የሚያውቅ ሰው ያስረዳህ፣ እኔ እንዳላሳስትህ።


አካውንታንት_ናዝሬት
እሁድ፣ ማታ 3፡50

ተመኑ ልክ ነው ግን 208 ላይ አልስማማም። ደሞዝ የሚከፈለው ለ30 ቀን ነው፣ 30 በ8 ሲባዛ 240። እኔ የሰራሁባቸው ድርጅቶች በሙሉ ለ240 ነው የሚያካፍሉት። በዚህ ሲሆን የሰዓት ደሞዙ 26 ብር ነው። ልጁ ያልሆነ ቁጥር ይዞ ሄዶ እንዳያፍር ብዬ ነው።


ፔይሮል_እሰራለሁ
እሁድ፣ ማታ 4፡05

ወንድሜ 240 የሚመጣው እሁድንም 8 ሰዓት እንደሰራ አርገህ ከቆጠርክ ነው እኮ። ሕጉ የሚለው በሳምንት 48 ነው፣ 48 በ52 ሳምንት አባዛውና ለ12 ወር አካፍለው፣ 208 ይመጣል። ሰውየው በወር 208 መደበኛ ሰዓት ሰርቶ ነው 6,240 የሚያገኘው፣ ለ240 ስታካፍለው ያልሰራውን 32 ሰዓት ጨምረህ የአንዱን ሰዓት ዋጋ እያረከስክበት ነው። ባንተ ስሌት ብንሄድ በ4 ሳምንት 3,042 ብር ይሆናል፣ የ468 ብር ልዩነት አለው። ለሱ 468 ብር ማለት የልጅ ወተት ነው።

ለማንኛውም የሕብረት ስምምነት፣ ማለትም የሰራተኛ ማህበርና አሰሪው የተፈራረሙት ውል፣ ካላቸው እዛ ላይ ስሌቱ ተጽፎ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ እሱን ይይ።


አካውንታንት_ናዝሬት
እሁድ፣ ማታ 4፡20

የ48ቱ ስሌት ገብቶኛል፣ እንደዛ አስቤው አላውቅም። ግን በ240ም ቢሰላ የሚከፍሉት ከግማሽ በታች ነው፣ 1,200 በየትኛውም ስሌት አይመጣም። አንድ ነገር ልጨምር፣ ኦቨርታይም የስራ ግብር ይቆረጥበታል፣ ጡረታ ግን የሚታሰበው በመሰረታዊ ደሞዝ ላይ ነው፣ ስለዚህ ኪስህ የሚገባው 3,510 ሙሉው እንዳልሆነ አውቀህ ጠይቅ።


የድሮ_ማህበር
ሰኞ፣ ጠዋት 1፡30

ልጄ፣ እኔ አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ፣ በሰራሁበት ፋብሪካ ለብዙ አመት የሰራተኛ ማህበር ኮሚቴ ነበርኩ። የሚባለውን ሁሉ አንብቤ ነው የምጽፍልህ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሰኝ።

የመጀመሪያው ስለ ይርጋ ነው፣ ይርጋ ማለት መብትህን መጠየቅ የምትችልበት የጊዜ ገደብ ነው፣ ይሄን አጥብቀህ ያዝ። የደሞዝ፣ የኦቨርታይምና የሌላ ክፍያ ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ ጓደኛህን ያሉት ውሸት አይደለም፣ ግን ሙሉ እውነትም አይደለም፣ የመጨረሻው 6 ወር አልቀረበትም። ቶሎ ብሎ ይሂድ፣ አንድ ወር በዘገየ ቁጥር የአንድ ወር ላቡ ከኋላ ይቆረጣል። ያልወጣበት የአመት ፈቃድ ካለ ደሞ ስራ ሲያቆም በገንዘብ ተለውጦ ይከፈለዋል፣ እሱን ጠይቋል ወይ?

ሁለተኛው፣ ይርጋ የሚቋረጥበት መንገድ አለ። ለፍርድ ቤት ወይም ሕጉን ለማስፈጸም ስልጣን ለተሰጠው መስሪያ ቤት ካመለከትክ ውሳኔ እስኪሰጥ ቆጠራው ይቆማል። አሰሪው መብትህን አምኖ በጽሁፍ ከሰጠህም ይቋረጣል። በቃል እናያለን፣ በጀት ሲመጣ፣ አለቃ ሲመለስ የሚባለው ግን ምንም አያቋርጥም። እኛ ጋ እናያለን ሲባሉ 5 ወር ከምናምን የጠበቁ ሰዎች ነበሩ፣ እስከዛሬ ይቆጨኛል ያኔ ቶሎ በጽሁፍ አስገቡ ስላላልኳቸው።

ሶስተኛው፣ የናንተ ጉዳይ የገንዘብ ብቻ አይደለም። ኦቨርታይም በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። እናንተ በቀን 3 ብትሰሩም በሳምንት 18 ነው። ደሞ ኦቨርታይም የሚታዘዘው አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲመጣ፣ አስቸኳይ ስራ ሲኖር፣ ወይም ያለማቋረጥ በሚሰራ ስራ ላይ የቀረ ሰው ሲተካ ነው። አመቱን ሙሉ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚኖር ፕሮግራም እንዴት አስቸኳይ ይባላል? በድሮው አዋጅ በቀን 2፣ በወር 20፣ በአመት 100 ሰዓት ነበር ጣሪያው። እኛ ለዛች 100 ሰዓት ስንት ተጨቃጭቀናል፣ እናንተ 100 ሰዓቱን በ6 ሳምንት ነው የምትጨርሱት።

አራተኛው ማስረጃ ነው። ማን ስንት ሰዓት ኦቨርታይም እንደሰራ የመመዝገብ ግዴታ የአሰሪው ነው፣ ግን በሱ መዝገብ አትተማመን። ደብተር አለህ ወይ?


ፉርሽካ_አዳማ
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡10

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። ደብተር የለኝም። ችግሩ ምን መሰልዎት፣ መግቢያው ላይ የአሻራ ማሽን አለ ግን የኛ ክፍል ሰው ጣቱ በከረጢት ስለሚፋቅ ዱቄቱም ስለሚሞላው ማሽኑ አያነብልንም፣ ሶስቴ አራቴ እንጫናለን ቀይ መብራት ብቻ ነው። ስለዚህ ወረቀት ላይ ነው የምንፈርመው፣ ወረቀቱ ደሞ ሱፐርቫይዘሩ ጋ ነው የሚቀመጠው፣ የወሩ መጨረሻ ላይ የት እንደሚሄድ አላውቅም። የሺፍት ፕሮግራሙ ግን በየሁለት ሳምንቱ ይለጠፋል፣ ማህተም አለው። ስልኬ ላይ ካለፈው አመት ጀምሮ አንስቼ ያስቀመጥኩት አለ፣ ተራዬን ላለመርሳት ነበር የማነሳው።


የድሮ_ማህበር
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡45

በል ስልክህን እንደ ዓይንህ ጠብቀው! ማህተም ያለው ፕሮግራም ማለት እኮ የአሰሪው ትዕዛዝ ማለት ነው። እኛ ሳናዘው በራሱ ነው ያመሸው እንዳይሉ አፋቸውን ይዘጋል። ዛሬውኑ ለሌላ ሰው ስልክ ላይም ላከው። ከነገ ጀምሮ ደሞ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ገዝተህ ቀኑን፣ የገባህበትን፣ የወጣህበትን ሰዓት፣ አብሮህ የነበረውን ሰው ጻፍ። በአንድ እስክሪብቶ ባንድ ቀን የተጻፈ እንዳይመስል ዕለት ዕለቱን ጻፈው።


ካፕቴን_ፍራንኮ
ሰኞ፣ ማታ 5፡30

እኔም የራሴን ልጠይቅ ይቅርታ ክሩን እንዳላበላሽ። ሆቴል ነው የምሰራው፣ አዳማ እንደምታውቁት ስብሰባና ሰርግ አያልቅም፣ ቅዳሜና እሁድ ሰርግ ሲኖር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ አዳራሹን አጽድተን ነው የምንወጣው። አስተናጋጅ እያለሁ ትንሽም ቢሆን ኦቨርታይም ይሰጡኝ ነበር፣ ካፕቴን ሲያረጉኝ 800 ብር ጨምረው አንቺ አሁን ማኔጅመንት ነሽ ኦቨርታይም የለሽም አሉኝ። ስራዬ ግን ያው ነው፣ ትሪ እይዛለሁ ጠረጴዛ እጠርጋለሁ፣ ማንንም አልቀጥርም ማንንም አላባርርም። እውነት መብቴ ቀርቷል?


ፔይሮል_እሰራለሁ
ሰኞ፣ ማታ 5፡50

እህቴ አልቀረም። የስራ መሪ ከአዋጁ ውጪ ነው የሚለው እውነት ነው፣ ግን የስራ መሪ ማለት በሕግ ወይም በውክልና የድርጅቱን ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም፣ ወይም ሰራተኛ የመቅጠር፣ የማዘዋወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት፣ የመመደብ ስልጣን ያለው ሰው ነው። የሚታየው የምትሰሪው ስራና ያለሽ ስልጣን ነው፣ ደረትሽ ላይ የተለጠፈው ስም አይደለም። ካፕቴን የተባልሽበትን ደብዳቤና የስራ መዘርዝርሽን ፈልጊና ያዢ።


አባ_ማርታ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡15

ስለ ሆቴል ስለተነሳ ነው፣ ባለቤቴም ሆቴል ነው የምትሰራው፣ የ6 ወር ነፍሰጡር ናት፣ አሁንም ሌሊት ሺፍት ይመድቧታል፣ ጠዋት ስትመጣ እግሯ አብጦ ጫማው አይወልቅም፣ እኔ ነኝ ማሰሪያውን የምፈታላት። ወሊድ ፈቃድስ ስንት ነው? ለአባትስ አለ ይባላል እውነት ነው?


የድሮ_ማህበር
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡40

ልጄ ይሄ ለነገ የሚባል አይደለም። ነፍሰጡር ሴት ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ማሰራትም፣ ኦቨርታይም ማሰራትም ክልክል ነው። ከሐኪም የእርግዝና ማስረጃ አምጥታ በጽሁፍ ታስገባ፣ የተቀበሉበትን ግልባጭ ትያዝ። ለምርመራ የምትሄድበትም ቀን ማስረጃ ካቀረበች ከነደሞዟ ነው። ወሊዱ ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ነው፣ ሙሉ ደሞዝ። ለአባት 3 ተከታታይ ቀን ከሙሉ ክፍያ ጋር አለ፣ በድሮው አዋጅ አልነበረም። እግዚአብሔር በሰላም ያገላግላት።


ጥበቃ_ነኝ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡05

እኛ ጥበቃዎችስ? 24 ሰዓት ገብቼ 24 አርፋለሁ፣ ግማሹን ጊዜ ታርፋለህ ምን ጎደለህ ይሉኛል። ሶስት አመቴ ነው፣ የአመት ፈቃድ የሚባል ወጥቼ አላውቅም፣ ስጠይቅ በብር እንሰጥሃለን ይላሉ፣ ብሩም አልመጣም።


ፔይሮል_እሰራለሁ
ማክሰኞ፣ ማታ 1፡40

ወንድሜ ቁጥሩን እየው፣ አንዱን ቀን ገብተህ አንዱን ቀን ስታርፍ በሁለት ሳምንት 7 ጊዜ ትገባለህ፣ 168 ሰዓት ነው፣ በሳምንት ሲካፈል 84። አሰሪው የሳምንቱን ሰዓት በአማካይ ማስላት የሚችልበት አሰራር አለ፣ ግን አማካዩም ቢሆን በሳምንት ከ48 ማለፍ የለበትም። 84 በምንም አማካይ 48 አይሆንም። ማረፍህ ያረፍክበትን ቀን እንጂ የሰራኸውን 24 ሰዓት አያጠፋውም።

ፈቃዱ፣ ለመጀመሪያው አመት አገልግሎት 16 የስራ ቀን ነው፣ ከዛ በየሁለት አመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። የድሮው 14 ሆኖ በየአመቱ አንድ ይጨምር ነበር። ውሉ ሳይቋረጥ ፈቃድን በብር መለወጥ አይፈቀድም፣ ስለዚህ በብር እንሰጥሃለን ማለታቸው ራሱ ከሕግ ውጪ ነው። ማራዘም ቢቻልም ከ2 አመት በላይ አይራዘምም። ሶስት አመት ካልወጣህ የመጀመሪያው አመት ፈቃድህ ላይ እየተጫወቱ ነው፣ በጽሁፍ ጠይቅ፣ በቃል አትጠይቅ።


ፉርሽካ_አዳማ
ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 10፡20

ሰላም፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ጋሼ እንዳሉኝ ደብተር ገዛሁ፣ ሌሎቹም ገዙ፣ አሁን የክፍላችን ሰው በሙሉ ኪሱ ውስጥ ደብተር አለው። የኔ ገጹ ሁሉ ዱቄት ነው፣ ስገልጠው ጠረጴዛው ላይ ይራገፋል። 14ታችንም ፈርመን ማመልከቻ አስገባን፣ ስሌቱን በ208 አርገን ከየሰው ደሞዝ ጋር አያያዝን፣ የ6 ወሩን 26 ሳምንት ብለን ነው የያዝነው፣ የኔ ብቻ 15,015 ብር መጣ። ተቀባዩ ፈርማ ቀን ጻፈችልን፣ ግልባጩ እኔ ጋ ነው።

መጀመሪያ ሶስት ሰው ለብቻ ጠሩ፣ እኔን ጨምሮ። ስራ ለሚፈልግ ሰው በሩ ላይ ተሰልፏል አሉን። ልቤ ወረደ አልዋሻችሁም፣ ቤት ኪራይ አለብኝ። ከዛ እዚህ አንድ ሰው በውስጥ መልዕክት የጻፈልኝን ነገርኳቸው፣ ቅሬታ ማቅረብ ወይም መክሰስ ለማባረር በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ ላይ በግልጽ አለ። የሚቀጥለው ሳምንት ላይ የሰራተኛ ጉዳይ የሚያየው ጽሕፈት ቤት ሄደን አመለከትን፣ ተቆጣጣሪ መጥቶ ፕሮግራሙን አየ። ሐሙስ ዕለት ደብዳቤ ጻፉልን፣ ያለፈውን 6 ወር ልዩነት በሶስት ዙር እንከፍላለን ይላል። ስሌቱ ግን በ240 ነው ያደረጉት። በየ4 ሳምንቱ 468 ብር ነው የሚቀንሰው ብለን አልተቀበልንም፣ የማያከራክረውን ተቀብለን ቀሪውን ለፍርድ ቤት የስራ ክርክር ችሎት እንወስደዋለን፣ ሰራተኛ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፣ ችሎቱም በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ነው ሕጉ የሚለው።

ሺፍቱ ገና አልተቀየረም። ሶስት ሺፍት እናረጋለን ሰው እየቀጠርን ነው ብለዋል፣ በጽሁፍ ስጡን አልናቸው።

የለቀቀው ጓደኛዬ ከወጣ 2 ወሩ ነበር፣ የመጨረሻዎቹን 4 ወራት ልዩነትና ያልወጣበትን ፈቃድ ጠይቆ ከሷል። ቀጠሮ ተሰጥቶታል።


የድሮ_ማህበር
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 11፡05

ተባረኩ ልጆቼ። ደብዳቤው አምኖ የጻፈ ስለሆነ ዋናውን አትስጡ፣ ኮፒ ነው የምትሰጡት። አሁን 14 ናችሁ፣ ማህበር ለመመስረት 10 ሰው ይበቃል። እሱን ሳትውሉ ሳታድሩ ጀምሩ፣ መተዳደሪያ ደንብ አረቃቀቁ ላይ እኔ አለሁ።


ጥበቃ_ነኝ
ቅዳሜ፣ ማታ 12፡30

ወንድሜ ደስ ብሎኛል። እኔም ደብተር ጀምሬ ነበር ግን እንዴት አርጌ እንደማሰላው ግራ ገባኝ፣ ቀንና ሌሊቱ እየተቀላቀለብኝ።


ፉርሽካ_አዳማ
ቅዳሜ፣ ማታ 12፡45

በሚቀጥለው ሳምንት ሌሊት ነኝ፣ ቀን ቀን አለሁ። ሰኞ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ፖስታ ቤት ፊት ለፊት እንገናኝ፣ ደብተርህንና የመጨረሻውን የደሞዝ ወረቀትህን ይዘህ ና፣ እኔ ካልኩሌተር አመጣለሁ፣ አብረን ቁጭ ብለን ቀን በቀን እንሰራዋለን።